ቢራ ይሻላል

«ለምርቃቱስ ቢራ ይሻላል» አለች እናቷ።

ሶያማ ግድግዳው ላይ ልትለጥፈው ያነሳችው ጭቃ እጇ ላይ እንዳለ ዞር አለች። ጣራው ላይ የወጡት ልጆች ቆርቆሮውን ያለ ፋታ ይመታሉ። ከታች ደግሞ ሰማያዊ ቲሸርት የለበሱ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭድና ጭቃ ይረግጣሉ። አስተባባሪያቸው ኤርምያስ በደንብ ያልሰማ መስሎት ጆሮውን አስጠጋ።

«ምን አሉኝ፣ እትዬ ጠጅቱ? እኔ እኮ ያልኩዎት፣ የሚመጣው ቅዳሜ ጣራውን ጨርሰን ቤቱን እንመርቃለን ነው። ለስላሳና ዳቦ እኛ እናመጣለን፤ እርስዎ ምንም አያስቡ።»

«ለስላሳው ይቅር ልጄ፣ ቢራ ይሁን» አለች ጠጅቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ያለ ቢራማ በምን አፌ ሰው እጠራለሁ? አይሆንም!»

ይህን ብላ ሻዩ እንዳይገነፍልባት ወደ ጉልቻው ሮጠች። ኤርምያስ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደደረቀ ቀረ። ቤቴል ጓንት ያጠለቀ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ለቀቀችው። ቤቴል የሶያማ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ወይም ነበረች።

«ሶያ፣ ሰማሽ? እናትሽ አራዳ ናቸው በናትሽ! ቢራ ነው እኮ ያሉት!»

ሶያማ ሰምታለች። ከሰሙት ሁሉ ደግሞ የገባት እሷ ብቻ ናት። እናቷ አማርኛ ስትናገር ኦሮምኛ ጣል ታደርግበታለች፤ በሱሉልታ ነባር ነዋሪ ሆኖ እንደዚያ የማያወራ የለም፤ ወጣቶቹ ግን በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። በኦሮምኛ ቢራ ማለት፣ «ራ»ው ጠበቅ ተደርጎ ሲነገር፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት የመስከረም ወራት ነው። ያን ጊዜ የጓሮው እሸት ይደርሳል፤ አሁን የነጠፈችው ላምም ትወልዳለች። ጠጅቱ ለማለት የፈለገችው፣ አሁን ሰኔ ነው፣ ጓዳዬ ባዶ ነው፣ መስከረም ሲጠባ እኔው ራሴ ደግሼ ላብላችሁ ነው። በደቦ ቤት የሠራ ሰው የባለቤቱን እህል ሳይቀምስ አይሸኝም። የሠሩላትን ሰዎች እነሱ ራሳቸው ባመጡት ዳቦ መሸኘት ነውር ሆኖባት ነው።

ሶያማ «መስከረምን ማለቷ ነው» ብትል ኤርምያስ ይስቅ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር።

ሶያማ ግን ጭቃውን እንደ ጥፊ ግድግዳው ላይ አሳረፈችው። በሆዷ፣ «ይሂዱ። ተናደው ይሂዱልኝ» አለች። አፏን አልከፈተችም።

ማን ጠራቸው? ሚያዝያ ላይ ቤቴል ለሳይንስ የቡድን ሥራ ብላ ቤታቸው መጥታ ነበር። የበልጉ ዝናብ የጓሮውን ግድግዳ ከጣለው ሳምንት አልሞላውም። ቤቴል በሸራ የተጋረደውን ቀዳዳ ዐይታ እንዳላየች ሆነች፤ ሶያማም ለዚህ በልቧ አመሰገነቻት። በኋላ ግን እነዚያን ሰማያዊ ቲሸርቶች አስከትላ መጣች። ጠጅቱ አልቅሳ መረቀቻቸው። የሠፈሩ ሴቶች «ጴንጤ ሊያደርጓችሁ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩባት፤ እሷ ግን «ጣራ ይሁን እንጂ» አለች።

ከዚያ ደግሞ ቪዲዮ መጣ። ቤቴል በስልኳ የቀረጸችው ነበር፤ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ በሚል የወጣቶቹ ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ፤ ከዚያ ዞሮ ዞሮ የስምንተኛ ክፍል ግሩፕ ውስጥ ገባ። የወደቀው ግድግዳ ይታያል። የትንሹ ወንድሟ የያደታ አልጋ ይታያል። ሶያማ ራሷ እስከ ክንዷ እበት ነክታ፣ አፏን ከፍታ፣ ካሜራውን አፍጥጣ ስታየው ትታያለች። ከጀርባ የቤቴል ድምፅ፣ «እነዚህ ምስኪን ወገኖቻችን» ይላል። በማግስቱ ባርናባስ የሚባል የክፍሏ ልጅ «ምርጊት» የሚል ስም አወጣላት። ስሙ ተጣበቀ።

ስለዚህ ዝም አለች። የዚያኑ ቅዳሜ ማታ ወጣቶቹ የጣራውን ግማሽ ብቻ ከድነው፣ እንደ ወትሮው ሳይዘምሩ፣ በአይሱዙ ተጭነው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ ባርናባስ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«እንኳን ደህና መጣሽ ምርጊት! የእናንተ ቤት ድራፍት መቼ ነው የሚጀምረው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ ተዋት፣ እሷ ምን አደረገች? እናቷ ናቸው የጠየቁት» አለ ከኋላ አንዱ።

«ስማቸውስ ጠጅቱ አይደል?» አለ ባርናባስ። «ጠጅ ቢራ ቢያምረው ምን ይገርማል?»

ሶያማ ቦርሳዋን ዴስኩ ላይ ወርውራ ቤቴልን አየቻት። ቤቴል አንገቷን መጽሐፍ ውስጥ ቀብራለች። በእረፍት ሰዓት ግን ከውኃው ቧንቧ አጠገብ ደረሰችባት።

«እኔ አላወራሁም። መዘምራኖቹ ናቸው።»

«ላሽ በይ።»

«ሶያ፣ ስሚኝ አቦ! የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተቆጥተዋል። በምእመን ስጦታ ለመጠጥ ቤት ጣራ አንሠራም ብለዋል። የቀረው ቆርቆሮ ቡራዩ ላለ ሌላ ቤተሰብ ሊሰጥ ነው። ወንድም ኤርምያስ ግን እናትሽ መጥተው ይቅርታ ቢጠይቁ…»

«እናቴ?» አለች ሶያማ። «እናቴ እናንተን ይቅርታ ትጠይቅ?»

«እኔ ለእናንተ ብዬ ነው!»

«ቆርቆሯችሁን ብሉት» አለች ሶያማ፤ ቧንቧውን ሳትዘጋ ትታት ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ደስ የሚል ቁጣ አብሯት ዋለ። ማንም የማይወስድባት የራሷ የሆነ ነገር ያገኘች መሰላት። ማታ ቤት ስትገባ ያደታ የወጣቶቹን መዝሙር ሲዘምር አግኝታ ጆሮውን ቆነጠጠችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠጅቱ ገና ሳይነጋ ተነሳች። ለዘር ካስቀመጠችው ባቄላ ቀንሳ ንፍሮ ቀቀለች።

«ለዘር የተቀመጠውን ነው?» አለች ሶያማ ደንግጣ።

«ታዲያ ዛሬም ሻይ ብቻ ላጠጣቸው? ድግሱ ቢደርስም ባይደርስም፣ ጣራ ላይ የሚውል ሰው አንጀቱ ባዶ አይሁን።»

ያደታ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ወጥቶ አይሱዙውን ሲጠብቅ አረፈደ። መኪና ባለፈ ቁጥር «መጡ!» እያለ ይጮኻል። አልመጡም። ጠጅቱ ንፍሮውን በሳፋ ከድና፣ ክዳኑን እያነሳች እያየች፣ መልሳ እየከደነች ቆየች። ለኤርምያስ ስትደውልለት አያነሳም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከእንጦጦ በኩል እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ።

ጣራው የተከደነው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ውኃው ባልተከደነው ገብቶ ያልደረቀውን ምርጊት አገኘው። ሶያማ በገዛ እጇ የመረገችው ጭቃ ከማገሩ እየተላቀቀ፣ ቦጭ ቦጭ እያለ፣ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ከእናቷ ጋር ሸራ ሊወጥሩ ሞከሩ፤ ነፋሱ እየነጠቀ አስቸገራቸው። ያደታ የተረፈው ጣራ ሥር ፍራሹ ላይ ተኮራምቶ ያስላል።

«ምን በድያቸው ይሆን?» አለች ጠጅቱ የሸራውን ጫፍ በድንጋይ እየጫነች። ውኃ በአገጯ ይወርዳል። «ሶያ፣ ክፉ ነገር ተናግሬያለሁ እንዴ?»

«ሰዎቹ እንዲያው ቃላቸውን አይጠብቁም» አለች ሶያማ።

«አትበዪ! ጭቃችንን የረገጡ ልጆች ናቸው።»

ሶያማ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቷን ዓይን ማየት አቃታት።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጎረቤታቸው ኦቦ ታመነ ዣንጥላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ሰውየው ሚስጥር ሆዳቸው ውስጥ አያድርም፤ ዛሬ ግን ጥቂት ሳሉ፣ የተዘረገፈውን ጭቃ በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ከዚያ ተናገሩ።

«ጠጅቱ፣ ከተማው ውስጥ የሚወራውን አልሰማሽም? ቤት ለሚሠሩላት ሰዎች ቢራ ካላመጣችሁ አላስመርቅም ብላ አባረረቻቸው እያሉሽ ነው።»

«እኔ? ቢራ?»

«እኔም እንዴት ተብሎ ብያለሁ።»

ጠጅቱ ጥቂት ቆማ አሰበች። ከዚያ እጇ አፏ ላይ ወጣ። «ዋይ! እኔ እኮ… ኦቦ ታመነ፣ እኔ ቢራ ነው ያልኩት! መስከረሙን! እሸቱ ሲደርስ!»

ኦቦ ታመነ ዱላቸውን ይዘው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጠጅቱ አልሳቀችም። ሳፋው አጠገብ ቁጭ አለች። ከሦስት ክረምት በፊት ባሏ ገርባ ከመጠጥ ቤት ሲመለስ፣ የሞላ ወንዝ እሻገራለሁ ብሎ ውኃ ወስዶታል። ጠጅቱ ከዚያ ወዲህ ጠላ እንኳ ጠምቃ አታውቅም። ሠርግ ቤት ብርሌ ሲነሳ እሷ ትነሳለች። ይህን ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ባለ ሰማያዊ ቲሸርቶቹ ግን ከየት ይወቁ?

«የገርባ ሚስት ሰካራም ተባለች» አለች በቀስታ። «በእግዚአብሔር ቤት። ያውም በኔ አፍ።»

«ይቺ ልጅስ እዚያው አልነበረችም?» አሉ ኦቦ ታመነ ሶያማን በአገጫቸው እያመለከቱ።

የመለሰችላት እናቷ ናት።

«እሷማ ብትሰማ ዝም ትላለች? አባቷን ምን እንደወሰደው የምታውቅ ልጅ! ጭቃ ልታመጣ ወርዳ ይሆናል።»

ሰማዩ እንደገና አጉረመረመ። ያደታ ከውስጥ «ቅዳሜ ዛሬ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ነገ እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች ሶያማ።

እሑድ ምእመኑ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ጫማዋን ጭቃ በልቶታል። ከአዲስ አበባ ወጥተው አዳዲሶቹ ቤቶች ውስጥ የሠፈሩ፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ ሰዎች በአጠገቧ አለፉ። አንዳንዶቹ አወቋት፤ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። አንዲት ሴትዮ ልጇን እጁን ይዛ ወደ ሌላ ጎኗ አዞረችው።

ኤርምያስ ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። «እናትሽ ላኩሽ?»

«አልላከችኝም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ ቃሉን፣ መስከረሙን፣ እሸቱን፣ ላሚቱን። ስለ አባቷ ልትናገር አላሰበችም ነበር፤ ግን እሱም ወጣ። ከኤርምያስ ኋላ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«ቢራ! እኔ ሰንዳፋ ተወልጄ ያደግሁ ሰው! ማን ምን አለ ብዬ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ምን ነበረበት?» ወደ ኤርምያስ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ እሳቸውን መልሰህ ጠየቅሃቸው?»

ኤርምያስ ጆሮው ቀላ። «አልጠየቅኳቸውም።»

«እንግዲህ ሄደህ እግራቸው ላይ ትወድቃለህ።»

«ቆርቆሮው ገና አልተሰጠም» አለ ኤርምያስ ለሶያማ። «ነገውኑ እናመጣዋለን። ቅዳሜ ድረስ አንጠብቅም። ለእናትሽ ንገሪያቸው… አይ፣ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቅንድቡ ተሰበሰበ። «ግን ሶያማ፣ አንቺ ያን ቀን አጠገባችን አልነበርሽም? አልሰማሽም?»

ሶያማ አፏን ከፈተች።

«መዶሻው ነው እኮ!» አለች ከጎን አንዲት ድምፅ። ቤቴል ነበረች። የመዝሙር ቀሚሷን በክንዷ ላይ አጥፋ ይዛለች። «ያ ሁሉ ጩኸት እያለ ማን ይሰማል? እኔ ራሴ ግማሹን ነው የሰማሁት።»

«እውነትሽን ነው» አለ ኤርምያስ፤ ትንፋሹን ለቀቀ። ሽማግሌው የሶያማን ጭንቅላት ዳበስ አድርገው አለፉ።

ቤቴል እስከ ውጭው በር ተከተለቻት። ሰው ሲርቅላቸው ክንዷን ያዘቻት።

«ሰምተሽ ነበር። ዓይንሽን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽልኝ?»

«እንጃ።» ቤቴል ትከሻዋን ሰበቀች። «ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ለምን ቀረጽሽን?»

«ካልታየ ማን ይሰጣል? በዚያ ቪዲዮ እኮ ነው ቆርቆሮው የተገዛው!»

«ሳትጠይቂኝ።»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይ ነበር?»

«አልልም።»

«በቃ! ጣራ አይኖራችሁም ነበራ!»

ነገሩ እውነት መሆኑ ሶያማን ይበልጥ አናደዳት። አንዲት ባጃጅ ጥላሸቷን እየተፋች በመካከላቸው ልታልፍ ጥሩምባ ነፋች፤ ሁለቱም ወደየጎናቸው ሸሹ።

«አጥፊው» አለች ሶያማ ባጃጇ ካለፈች በኋላ።

«አጠፋዋለሁ። የሰው ስልክ ላይ ያለውን ግን አልችልም።» ቤቴል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም አልናገርብሽም። እኩል ነን።»

«አይደለንም። አንቺ የነካሽው እኔን ነው። እኔ የነካሁት እናቴን ነው።»

ሶያማ ሰላም ሳትላት መንገዷን ያዘች።

ቤት ስትደርስ ኤርምያስ በስልክ ቀድሟታል። ጠጅቱ በተከደነው ጣራ ሥር ተቀምጣ፣ ትናንት የተረፈውን ንፍሮ ለኦቦ ታመነ እያቀረበች፣ ፊቷ በርቷል። ያደታ ንፍሮውን በእፍኙ እየዘገነ «ነገ ይመጣሉ! አይሱዙው ነገ ይመጣል!» እያለ ይዘላል።

«ኮቱ ልጄ፣ ነይ ቁጭ በይ!» አለች ጠጅቱ። «ኤርምያስ ይቅርታ ሲለኝ እኔው አፈርኩ። ቤት ሠርቶ ይቅርታ ይላል እንዴ ሰው? ሽማግሌውም ስልኩን ተቀብለው በኦሮምኛ አወሩኝ።» ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «አላልኩዎትም ኦቦ ታመነ? ልጄ አፍ ሆነችኝ። ያን ቀን ሰምታ ቢሆንማ ነገሩ እዚህም ባልደረሰ!»

«እውነት ነው» አሉ ኦቦ ታመነ ባቄላ እየላጡ። «የተባረከች ልጅ ናት።»

ሶያማ ኦቦ ታመነ እስኪሄዱ ልትጠብቅ አሰበች። ሰውየው የሰሙትን ነገ ገበያ ሙሉ ይሰማዋል። ግን እሳቸው ከሄዱ በኋላ እናቷ ላሚቱን ልታስገባ ትወጣለች። ከዚያ እራት ይደርሳል። ነገ ደግሞ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ መዶሻው ይጮኻል፣ እናቷ ላገኘችው ሰው ሁሉ ይህንኑ ትደግማለች፤ ልጄ ብትሰማ ዝም አትልም ነበር ትላለች። ከዚያ በኋላ እንደማትናገረው ሶያማ ታውቃለች።

በርጩማውን ሳበችና ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አዮ» አለች፤ እናታቸውን ሲጠሩ እንዲህ ነው የሚሏት። «ያን ቀን ጭቃ ላመጣ አልወረድኩም። አጠገብሽ ነበርኩ። ሰምቼሻለሁ።»

የእናቷ ሳቅ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር።